ሣራ ያለችው ሁሉ

«እመት ባዩሽ፣ ይሄ ለዳኛ የሚነገር ነገር አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ይነገራል፣ አባ?»

ከዚህ በኋላ የተባለውን በደንብ አላስታውሰውም። ልጅ ነበርኩ። ወባ ይዞኝ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ጆንያ ላይ ተኝቼ፣ ትኩሳቱ ሲያቃጥለኝ የሚነገረው ግማሹ ይሰማኛል፣ ግማሹ ይጠፋብኛል። እናቴ ባዩሽ አረቄ ትሸጥ ነበር፤ ቤታችን ከጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጥግ ነው። ከጠጪዎቿ አንዱ፣ የሆነ የግዛት ጸሐፊ፣ በስሟ ግጥም አወጣባትና ከተማው ሁሉ ይዘፍነው ጀመር። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ያልሆነችውን ሁሉ ናት የሚል ግጥም ነበር።

«ስሜን ከዚያ ዘፈን ላይ የሚያወርድልኝ ሕግ የለም ወይ?» ስትል ሰምቻለሁ፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ምን እንደመለሱላት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንዴ «ጸልዪ» ያሏት ይመስለኛል። አንዳንዴ «ጠብቂ» ያሏት ይመስለኛል። ምናልባት ዝም ብለውም ይሆናል። መቋሚያቸው ወለሉን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ግን አሁንም ይሰማኛል። እናቴ ከሞተች በኋላም ዘፈኑ ጥቂት ዓመት ቆይቷል።

እኔ ዓባይነህ እባላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በዳዊት ነው፤ ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ደግሞ የሞቱ ሬዲዮኖችን እየፈታሁ። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌያችን ድምፅ ማጉያ አስመጥቶ ገበያው አጠገብ ረጅም እንጨት ላይ ሲሰቅል፣ «ይሄን የሚችለው እሱ ነው» ተባልኩና ጠባቂው ሆንኩ። የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። እኔ ሽቦውን አያይዤ፣ ጩኸቱን አስተካክዬ፣ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ለጠባዬ የሚስማማ ሥራ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀበሌው በመዋጮ ቴፕ ገዛ፤ ድምፅ የሚቀዳ፣ በመብራትም በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ። የጂንካ መብራት የሚመጣው ሲመሽ ስለነበር እኛ የያዝነው ድንጋዩን ነው። ልሞክረው ብዬ ቅዳሜ ገበያ ይዤው ወጣሁ። የከብቱን፣ የሰዉን፣ የጨው ነጋዴውን ክርክር ሁሉ ቀዳሁ። ከሸክላ ተራ ስደርስ ሣራ ጋ ቆምኩ።

ሣራ ከነሪ ወንዝ ማዶ የምትመጣ የአሪ ሴት ናት። ስሙን ያገኘችው ወንጌል አማኞቹ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ነው። ገንቦውን በግራ መዳፏ ላይ ታቆመውና በቀኝ እጇ የጣት አንጓ ትመታዋለች። ከዚያ ቀና ብላ «ስሙት!» ትላለች። ሌላ የማሻሻጫ ቃል የላትም። ደህናው ገንቦ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይመልሳል። ስንጥቅ ያለበት፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም፣ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። እኔ የሬዲዮን ሕመም በጆሮ ነው የማውቀው፤ እሷም የሸክላዋን። ስለዚህ ደስ ትለኝ ነበር። ማይክራፎኑን አፏ ድረስ አስጠግቼ ቀዳኋት። ልቅዳሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ያን ካሴት የኪነት ቡድኑ ቢሮ ወስጄ ያሰማሁት በኩራት ነው። የቡድኑ ኃላፊ፣ ወንድሙ የሚባለው፣ የቀበሌው ጸሐፊም እሱ ነው፣ ብድግ አለ።

«ጋሽ ዓባይነህ! ይቺን ቃል ብቻ አውጥተህ ብዙ ጊዜ ትደጋግምልኛለህ?»

«ይቻላል።»

ከአንድ አስተማሪ ሌላ ቴፕ ተዋስኩና «ስሙት!» የምትለዋን ብቻ ወደ ሌላ ካሴት ገለበጥኳት፤ አሥር ጊዜ፣ በመሃል ፋታ እየሰጠሁ። ምን ሊያደርግበት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ያን ሳምንት የማልጠይቅበት ሳምንት ነበር።

ለካ ቃሏን የፈለገው ለቡድኑ ቴአትር ነበር፤ ቴአትሩ ሁለት ሴቶችን የሚያሳይ ነው። አንዷ የነቃች፣ ደብተር የያዘች፣ ካኪ የለበሰች። ሌላዋ ያልነቃች፣ ገንቦ ሻጭ፣ ሰካራም፣ ስንጥቅ ገንቦ ደህና ነው ብላ የምታጭበረብር። ይህቺን ሁለተኛዋን ሴቶቹ አንጫወትም ስላሉ ተፈሪ ወሰዳት። ተፈሪ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ሰው የሚያስቅ። ቀሚስ ለብሶ፣ ከኋላው ትራስ አስሮ፣ የአሪዎቹን አማርኛ እያስመሰለ ሲገባ አዳራሹ ይናጋል። ከዚያ ባልየው ዱላ ይዞ ይመጣል። ጀርባዋን አንድ ጊዜ ሲመታት እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ቴፑን እጫነዋለሁ፤ የሣራ ድምፅ «ስሙት!» ይላል። ሁለተኛ ሲመታት፣ «ስሙት!» ሰው ከወንበር ይወድቃል። እኔም ስቄያለሁ። ይህን መደበቅ አልችልም።

በጂንካ አራት ጊዜ ታየ። በጭነት መኪና ተጭነን ዲመካ ድረስ ሄደን አሳየን። ወንድሙ ቴአትሩን ቀድቶ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በድምፅ ማጉያው ማስተላለፍ ጀመረ።

ልጆች ናቸው የጀመሩት። ሣራ ገንቦ ስታነሣ ከኋላዋ ሆነው «ስሙት! ስሙት!» ይላሉ፤ እየተማቱ። ቀጥሎ ጎረምሶቹ ተከተሉ። ሣራ መጀመሪያ ገንቦዋን መምታት ተወች። ዝም ብላ ሸክላዋን ደርድራ ትቀመጣለች፤ ድምፁን ያልሰማ ገዢ ደግሞ አምኖ አይገዛም። ከግንቦት ጀምሮ ጭራሹን ቀረች። ቦታዋ ላይ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ተቀመጠ።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ተናኜ ሬዲዮ ከምጠግንበት ክፍል በር ላይ ቆመች። ተናኜ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልጋት ሴት።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ አንተ እኮ ጾመኛ ነህ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሥጋ አትበላም። ሰው ግን ታስበላለህ።»

ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጥኩ።

«ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ ማኅበር መጣች» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ባሏ ሲመታት እየቆጠረ ‹ስሙት› ይል ነበር። ልጆቿ ሳቁ። ምኑ አመመሽ ስላት፣ ዱላው አይደለም አለችኝ። የልጆቹ ሳቅ ነው አለችኝ።»

የአባ ወልደ ጊዮርጊስ መቋሚያ ወለል ሲመታ ሰማሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን መቋሚያ አልነበረም።

ተናኜ የመጣችው ስለዚያች ሴት ብቻ አልነበረም። ወንድሙ ቴአትሩን ለአብዮት በዓል ውድድር አቅርቦታል። የተቀዳው ካሴት በሚቀጥለው ሐሙስ አውሮፕላን አርባ ምንጭ ይሄዳል፤ እዚያ ካለፈ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በሬዲዮ ይተላለፋል ተብሏል። ጥርት አድርጎ መገልበጡ ለእኔ የተሰጠ ሥራ ነው።

«አገሩ ሁሉ ሣራ ላይ ሊስቅ ነው» አለች ተናኜ። «ሄደን እናያት። ትመጣለህ አትመጣም?»

ሄድን። ነሪን ተሻግረን፣ ዝናቡ ያጨቀየውን አቀበት ወጣን። የሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ለብቻው ነው። እኛ ከሰሜን የመጡት ሰዎች ልጆች እዚያ ቤት አንገባም ነበር፤ የአሪ ገበሬዎችም አይገቡም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ሳድግ አገኘሁት፣ እንዲሁ ያዝኩት። ሣራ ደጃፏ ላይ ጭቃ እያሸች ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጇ ሐና አጠገቧ ተቀምጣለች። ሐና ትምህርት ቤት ትታለች፤ እዚያም «ስሙት» ነው የሚሏት።

«ግቡ አልላችሁም» አለች ሣራ ቀና ሳትል። «አትገቡም።»

ባርኔጣዬን አወለቅሁና ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ተናኜ ተከተለችኝ። ሣራ ለጥቂት ጊዜ ደጅ ቀረች። ከዚያ እጇን ታጥባ ገባችና የተቀቀለ ጎደሬ በሸክላ ሳህን አቀረበች። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ስለነበር አማተብኩና በላሁ። የዚያን ቀን ጾሜን የፈታሁት በእሷ ቤት ጎደሬ ነው። እስክጨርስ ድረስ እጄን ታየው ነበር።

«ሣራ» አልኩ፤ አፌ ውስጥ ቃሉ ጎደለብኝና ደግሜ «እትዬ ሣራ» አልኩ። ስንት ዓመት ሳውቃት እንዲህ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። «ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። ድምፅሽን ሳልጠይቅሽ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቃለሁ። አንተ ነህ ያን ነገር አፌ ላይ ያደረግኸው። የቆረጠው ማን ነው?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«የዚያን ቀን ብዙ ተናግሬያለሁ» አለች። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ አንዱን ቃል አስቀምጣ ነው ሌላውን የምታነሣው። «ለከበቡሽ የነገርኳት የት ሄደ?»

«የቷ ከበቡሽ?»

«የልብስ ሰፊው እናት። ጥር ላይ የሞተችው። ገንቦ ልትገዛ አነሣች፣ እኔ መታሁት፣ ድምፁ መጥፎ ነው። አትውሰጂው አልኳት። ያን ጊዜ አንተ ያን ነገር ይዘህ ቆመሃል። እዚያ ላይ ግን» አለች፣ በእጇ ወደ ከተማው እያሳየች፣ «ስንጥቅ የምሸጥ ሌባ ነኝ።»

ተናኜ አየችኝ። እኔ ሳህኑን አየሁ።

«ካሴቱን ላቃጥለው?»

«አቃጥለው። ሰው አፍ ውስጥ የገባውንስ በምን ታቃጥላለህ?» አለች ሣራ። «የወጣው ከዚያ እንጨት ላይ ነው። ከዚያው ይመለስ። ሴት ሆኖ የተመታው ልጅ ራሱ ይመልሰው። እሱ ያለውን ነው ሰው የሚሰማ።»

እሑድ በአዳራሹ ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ውይይት እንዳለ ነገርኳት፤ ስለ ሴቶች የሚናገርም አለው፤ ማንም ሰው ተነሥቶ መጠየቅ ይችላል።

«እኔም?»

«አንቺም።»

«ተብሏል ነው ወይስ ተጽፏል?»

«ተጽፏል» አለች ተናኜ። «ቢሉሽ ባይሉሽ እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

በማግስቱ ያን የጥቅምት ካሴት ከሣጥኔ አውጥቼ ከፈትኩት። «ስሙት!» የምትለው ደረሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ እዚያ ላይ አስቁሜ ነበር የምመልሰው። አሁን ተውኩትና ቀጠለ። ሣራ እንዳለችው ነበር። አንድም ቃል አልጨመረችም፤ እንዲያውም ያልነገረችኝ ነበረበት። ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ዳዊቴ አጠገብ አስቀመጥኩት።

እሑድ ኪዳን አድርሼ አዳራሽ ደረስኩ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ስለ ሴቶችና ወንዶች እኩልነት የሚለውን አንቀጽ አነበበ፤ ዶላሞ የሚባል ሽማግሌ ወደ አሪኛ መለሰው። ጥያቄ ያለው ሲባል ሣራ ከኋላ ተነሣች።

አንድ ጎረምሳ «ስሙት!» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ሣራ ጠበቀች። ሳቁ እስኪያልቅ፣ ሳሉም እስኪያልቅ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ብቻ እስኪሰማ ድረስ ቆማ ጠበቀች። ብዙ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አድርጎ ዝም ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ይሄ ሕግ» አለች፣ በመስኮቱ በኩል እያሳየች፣ «እዚያ እንጨት ላይ ድረስ ይወጣል?»

ካድሬው ዞሮ አየ። ድምፅ ማጉያው ዝናብ እየመታው ቆሟል።

«ጥያቄሽን ግልጽ አድርጊው፣ ጓዲት።»

«ሴትና ወንድ እኩል ነው አልክ። እዚያ ላይ ሴት ስትመታ ይሳቃል። ሕጉ እዚያ ድረስ ይወጣል ወይስ እታች ይቀራል?»

ተፈሪ ከጎን በኩል ተነሣ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ቀልድ ሊከለከል ነው እንዴ? ሰው ሳቀ እንጂ ማን ሞተ? እኔ ያሳየሁት ያልነቃችውን ሴት ነው።»

«አንተ ሰፊው!» አለች ተናኜ ከተቀመጠችበት። «ሱሪ ስትሰፋ መጀመሪያ ትለካለህ አይደል? ይቺን ሴት መቼ ለካሃት?»

አሁን ሳቁ ወደ ተፈሪ ዞረ። ፊቱ ቀላና ተቀመጠ።

ካድሬው ክፉ ሰው አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ መሠረቱን እንደሚጥል፣ ዝርዝሩ ገና ወደፊት በሚወጣ ሕግ እንደሚታይ አስረዳ። ጥያቄው ግን በአስተያየት መልክ ተመዝግቦ ወደ አዲስ አበባ ይላካል አለ። መዝጋቢው ወንድሙ ነው። እስክሪብቶውን ይዞ መጻፍ የረሳ መሰለ። ተናኜ ሄዳ ራሱ ላይ ቆመች፤ ቅቤ ስታስመዝን እንደምትቆመው። ጻፈ።

«ጽፌያለሁ» አለ።

«ሐና ታንብብልኝ» አለች ሣራ።

ሐና ከእናቷ ጀርባ ወጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። መጀመሪያ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ እያንዳንዱን ፊደል እየነካች፦

«አስተያየት ቁጥር አሥራ አራት። በመድረክም ሆነ በድምፅ ማጉያ፣ በሬዲዮም ሆነ በጋዜጣ፣ ሴትን የሚያዋርድ፣ መመታቷንም መሳቂያ የሚያደርግ ነገር በሕግ ይከልከል።»

በኋላ ሕገ መንግሥቱ ታትሞ ሲመጣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ፈለግኳት። የለችም። ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር። ቢሆንም የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ ሐናም ሰኞ ትምህርት ቤት እንደምትመዘገብ ለተናኜ ነገረቻት።

የካሴቱ ነገር ግን አልተፈታም ነበር። ከስብሰባው በኋላ ካድሬውን ይዤ ጠየቅሁት። «የቴአትሩ ጉዳይ የቡድኑ ነው» አለኝ። ወንድሙን ጠየቅሁት።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ረቡዕ ካሴቱ እጄ ይግባ።»

«ተፈሪ አልጫወትም ቢልስ?»

«ያን ጊዜ ቴአትርም የለ፣ ውድድርም የለ። ግን እሱ እምቢ ሊል?» ወንድሙ ሳቀ። «ካሸነፈ የክፍለ ሀገሩ ኪነት ሊቀጥረው ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ይኑር?»

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ተፈሪ ላይ ቀረ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ቴፑን ይዤ ሄድኩ። ሣራና ሐና ከነሪ ድልድይ ጀምሮ አብረውኝ መጡ። ተፈሪ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። ሲያየን እግሩን አላቆመም።

«ልትገሥጸኝ ነው፣ ጋሼ?»

«ላሰማህ ነው።»

«ሰምቼዋለሁ እኮ። አሥር ጊዜ ገልብጠህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

«ያልሰጠሁህን ነው።»

ቴፑን የተቆረጠ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ተጫንኩት። ገበያው መጣ፤ በሬ ጮኸ፤ የጣት አንጓ ሸክላ መታ። «ስሙት!» አለች ሣራ። ተፈሪ ከልማዱ ፈገግ አለ። ካሴቱ ቀጠለ።

«ሰማሁት፣ ሰማሁት። ይሄን ስጪኝ፣ ቅርጹ ያምራል» አለች ሌላ ሴት።

የተፈሪ እግር ቆመ።

«ይሄን አትውሰጂ።»

«ለምን?»

«ድምፁ ልክ አይደለም። ውሃ ሞልተሽ መንገድ ላይ ይከዳሻል።»

«አንቺ ደግሞ! ሻጭ ነሽ ወይስ የገንቦ ሐኪም?» ሁለቱም ሳቁ። «እሺ የትኛውን ልውሰድ?»

«ይሄን። ጆሮሽን አስጠጊ።» አንጓዋ መታ። ገንቦው ረዥም ድምፅ ሰጠ።

«ውይ! አሁን ለየሁት። ስሚ ሣራ፣ ያ ቀልደኛ ልጄ ሚስት ያገኘ ቀን የሠርጉን እንስራ ሁሉ ከአንቺ ነው የማዝዘው። ሌላ ሰው አላምንም።»

«ያገኛል?»

«ማን ታገባዋለች ብለሽ ነው! ቁም ነገር ሲያወራ እንኳ ሰው ይስቅበታል፣ የእኔ ጌታ። ለእኔ ግን ከሬዲዮ ይበልጥብኛል።»

ከዚያ የሰው ግርግር ነበር፤ ከዚያ ጨው ነጋዴው። አስቆምኩት።

ተፈሪ መኪናው ላይ ያለውን ጨርቅ ያስተካክላል። የተስተካከለ ጨርቅ ነው የሚያስተካክለው።

«ድገመው» አለ።

ደገምኩት። ሦስተኛ ስደግመው ድምፁ መጎተት ጀመረ፤ የእናቱ ድምፅ እየወፈረ እየዘገየ ሄደ። ተፈሪ እጁን ቴፑ ላይ ጣል አደረገ።

«አቁመው፣ አቁመው። ድንጋዩ እያለቀ ነው። እንዳይበላብን።» ቀና አለና፣ «እሷ መሆኗን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። እስካለፈው ሳምንት እዚያ ድረስ አዳምጬው አላውቅም ነበር። ከቃሏ በኋላ አስቁሜ ነበር የምመልሰው።»

«አንተም? ጂንካ ውስጥ የሚያዳምጠው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አላዳመጥኩም፣ ተፈሪ።»

ይህን ማለት ከማንኛውም ኑዛዜ ይከብዳል። 

ተፈሪ ወደ ሣራ ዞረ። ዓይኑ ጫማዋ ላይ ቀረ። «እትዬ ሣራ፣ አጭበርባሪ ነው ያደረግኩዎት።»

«አይቻለሁ። መጀመሪያ የታየ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም?»

«ድምፄን ወስዳችሁ በምን ልናገር?»

ሰው በበረንዳው በኩል እያየን ያልፋል። ተፈሪ የመኪናውን ጎማ በእጁ ወደፊት አዞረው፣ ወደኋላ መለሰው። አርባ ምንጭን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን አስብ ነበር።

«ድምፁን ብንቀይረውስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ገንቦውንም እንተወዋለን። ሌላ ሴት እናደርጋታለን፤ ማንንም የማትመስል።»

ሣራ አሰበችበት። እውነቱን ለመናገር፣ የምር አሰበችበት።

«ያቺኛዋስ» አለች፣ «ልጅ የላትም?»

ሐና የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ተፈሪ አያት። ከዚያ ከመኪናው ላይ ተነሥቶ ወንበሩን ለሣራ አዞረላት። ሣራ ተቀመጠች።

«ወንድሙ ምን ይለኛል?»

«ብዙ ይልሃል» አልኩ። «መጀመሪያ ለእኔ ነው የሚለው፤ ካሴቱን አልገለበጥኩለትም፣ አልገለብጥለትምም። ቅዳሜ ሰው ሲሞላ ድምፅ ማጉያው ጋ እኔ ቀድሜ እናገራለሁ፤ ሳልጠይቅ እንደወሰድኩ፣ የሚጠቅመኝን ቆርጬ እንዳስቀረሁ። አንተ ቀጥል። ከዚያ ካሴቱን ሙሉውን እንከፍተዋለን።»

«የእናቴም ድምፅ ይሰማል ማለት ነው። ገበያው ላይ።»

«አዎ።»

አፉን በእጁ አሸት አደረገ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁም።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች ሣራ። «ቅዳሜ ጠዋት አምስት ገንቦ ነው የማወርደው። እኔ ሁለት እይዛለሁ፣ ሐና ሁለት። አንዱን የሚሸከም የለኝም።»

ተፈሪ ያለ ቀሚስ፣ ያለ ትራስ፣ በራሱ ሱሪ፣ በጠራራ ፀሐይ ገንቦ አዝሎ ነሪን ሲሻገር ታየኝ። ለእሱም ሳይታየው አልቀረም፤ አንገቱ ላይ ላብ አየሁ።

«ብጥለውስ?»

«ያን ጊዜ እኔ እስቃለሁ።»

ሐና ፍንድት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ሣራ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን ትጠብቃለች፤ አዳራሹ ውስጥ እንደጠበቀችው።

«እሺ» አለ ተፈሪ። «አርባ ምንጭ ይቅር። ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤትዎ እመጣለሁ፣ ገንቦውን እሸከማለሁ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያው ጋ ቆሜ እርስዎ ያሉትን ሁሉ አሰማለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ብቻ፣ ጋሼ፣ አዲስ ድንጋይ ግዛ።»